«ይሄ ሰው የማን ልጅ ነው?» — አያቴ ስለ ኮምፒውተር የጠየቁት ጥያቄ



አንድ ሐሙስ ማታ አያቶቼ ቤት ተሰብስበን ቡና እየተፈላ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከሥራው በቀጥታ መጣ። ሃይቴክ ነው የሚሠራው። ዓይኑ ቀልቶ፣ ትከሻው ወድቆ ሲገባ እማማ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉት። «ምንም አልሆንኩም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዒድኩን ሳነብ ከርሜ ነው» አላቸው።

አባባ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ዒድኩን ይጫናል እንጂ ይነበባል እንዴ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ለብዙዎቻችን ዒድኩን ማለት ስልካችን ላይ ብቅ የሚል መልእክት ነው። እንነካዋለን፣ ስልኩ ጠፍቶ ይበራል፣ አለቀ። የአክስቴ ልጅ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። «እኛ የምንሠራው ፕሮግራም ሁሉም የእኛ ሥራ አይደለም አባባ። አብዛኛውን ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ የለቀቁት ነው። ከነሱ አንዱ የድሮውን ቀይሮ አዲስ ላከ። አዲሱን ከመቀበላችን በፊት ምን እንደ ቀየረ ማየት አለብኝ።»

«ይህን የላከውን ሰው ታውቀዋለህ?» አሉ አባባ።

«አላውቀውም።»

«ፊቱንስ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። በስም ብቻ ነው የማውቀው። ስሙም እውነተኛ ላይሆን ይችላል።»

«እንዴ! ታዲያ ይሄ ሰው የማን ልጅ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄ ነበር። በኋላ ግን ጋዜጠኛ ነኝና ነገሩን ላጣራ ብዬ ማንበብና ሰው መጠየቅ ስጀምር ሳቄ ጠፋ። የአባባ ጥያቄ ዛሬ ትልልቅ ባለሙያዎች የሚጨነቁበት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ጉዳዩ የልጅ ልጆቻችሁ የሥራ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በኩፓት ሆሊም ያለው የሕክምና መዝገባችሁ፣ በባንክ ያለው ገንዘባችሁ፣ ጡረታችሁ የሚያልፍበት ኮምፒውተር ሁሉ የቆመው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው። አማርኛዬ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው አማርኛ ነውና ስሳሳት ይቅር በሉኝ።

ደቦ ነው፣ ጎረቤቱ ግን አይታወቅም

በጎንደር፣ በወልቃይት ወይም በትግራይ ያደጋችሁ ሁሉ ደቦን ታውቃላችሁ፤ እኔ የማውቀው ከእናንተ ወሬ ነው። አዝመራ ሲደርስ ጎረቤት ይጠራል፣ ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ገንዘብ አይከፈልም። ጠላና እንጀራ ይቀርባል፣ ነገ ደግሞ የሌላው ተራ ነው።

የኮምፒውተር ዓለምም ደቦ አለው፤ «ክፍት ኮድ» ይባላል። አንድ ሰው ለኮምፒውተር የሚሆን ትእዛዝ ይጽፍና ማንም እንዲያነበው፣ እንዲወስደው፣ እንዲያሻሽለው በነፃ ይለቀዋል። አንዱ ቀን የሚቆጥር ይጽፋል፣ ሌላው ፋይል የሚያሳንስ፣ ሌላው መልእክት የሚቆልፍ። ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምርም፤ ከዚህ ደቦ እየወሰደ ይገጣጥማል። የወሰደው ቁራጭ ደግሞ ራሱ በሌላ ቁራጭ ላይ የቆመ ነው፣ ያም በሌላ ላይ። አንድ ተራ የስልክ አፕሊኬሽን ከሥሩ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች ሊኖሩት ይችላሉ።

ቁርጥራጮቹ ምን ያህል ትንንሽ እንደ ሆኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በማርች 2016 አንድ ሰው ከአንድ ድርጅት ጋር ተጣልቶ በነፃ የለቀቃቸውን ሥራዎቹን ሁሉ አነሳ። ከመካከላቸው አንዷ 11 መስመር ብቻ ነበረች። በእሷ መነሳት ግን በዓለም ዙሪያ የስንቱ ፕሮግራም ግንባታ ለሰዓታት ተሰናከለ። ብዙዎቹ ድርጅቶች በእሷ ላይ መቆማቸውን እንኳን አያውቁም ነበር።

ደቦው መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ያለሱ ዛሬ የምናየው ቴክኖሎጂ ሁሉ ባልኖረ ነበር። ግን ከእናንተ ደቦ ጋር አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። እናንተ የምትጠሩትን ሰው ታውቁታላችሁ። አባቱን ታውቃላችሁ፣ አምና እንዴት እንዳጨደ አይታችኋል። በዚህኛው ደቦ ግን አጫጁ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ደግሞም አንድ ጊዜ አምኖ ማስገባት አይበቃም። ቁራጩ በየጊዜው ይቀየራል፣ እያንዳንዱ ዒድኩንም እንደ አዲስ እንግዳ በር ያንኳኳል።

ቀስ በቀስ የሄደው እንቁላል

አሁን የማወራችሁ ታሪክ በ2024 የተገለጠ ነው። «ኤክስ ዜድ» የሚባል ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም አለ። ተራ ሰው ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ሆኖም ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ የኢንተርኔትን ትልቁን ክፍል የሚያንቀሳቅሱት ደግሞ እነዚህ ኮምፒውተሮች ናቸው። ይህን ፕሮግራም ለዓመታት የተንከባከበው በፊንላንድ የሚኖር አንድ ሰው ነበር፤ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው።

በ2021 መጨረሻ «ጂያ ታን» የሚል ስም ያለው ሰው ብቅ አለና ላግዝህ አለ። ትንንሽ ማሻሻያዎችን ላከ። ሥራው ጥሩ ነበር። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት ታይተው የማይታወቁ ሌሎች ስሞች መጡና ባለቤቱን ይነዘንዙት ጀመር። ሥራው ዘገየ፣ ካልቻልክ ለሌላ ሰው ልቀቅ፣ ሕዝቡን አታስጠብቅ አሉት። ሰውዬው የመለሰው መልስ ልቤን ነክቶታል። ፍላጎቱ እንዳልጠፋ፣ በጤናው ምክንያት ግን አቅሙ እንደ ቀነሰ፣ ይሄም ሥራ ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን እንዳይረሱበት ጻፈ። ከዚያም ቀስ በቀስ ለረዳቱ ኃላፊነት ሰጠው። በ2023 ጂያ ታን አዳዲስ ዕትሞችን ራሱ የሚያወጣ ሰው ሆኖ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው ዕትም ውስጥ ጂያ ታን የጓሮ በር ሠርቶ አስገባ። ያ በር ቢጸና ኖሮ፣ ምስጢራዊው ቁልፍ ያለው ሰው በዓለም ላይ ካሉት የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ወደ ብዙዎቹ ማንም ሳያየው ገብቶ ያሻውን ማዘዝ ይችል ነበር። የአደጋው መጠን ከ10 ነጥብ 10 ተሰጠው።

እንዴት ደበቀው? እዚህ ላይ የገበያ ልምድ ያላችሁ ትስቃላችሁ። ጤፍ የሚሸጥ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያማረውን እፍኝ አድርጎ ያሳያል፤ አዋቂ ገዢ ግን እጁን እስከ ታች ሰዶ ያወጣል። ጂያ ታንም እንዲሁ አደረገ። ሁሉም ሰው በሚያነበው አደባባይ ላይ ያስቀመጠው ጽሑፍና ተጠቅልሎ ለተጠቃሚው የሚታደለው ጥቅል አንድ አልነበሩም። መርዙ ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ተቀበረ፤ መርዙን የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ግን በጥቅሉ ውስጥ ብቻ ነበር የተጨመረው። አደባባዩን ብቻ ያነበበ ሰው ምንም አያይም። ከዚያም በፊት ስሕተት የሚያድን አንድ ሰፊ የምርመራ መሣሪያ ስለነበረ፣ መሣሪያው ያን ቦታ እንዳይነካ ቅንብሩ እንዲቀየር ጠይቆ አስቀይሯል። አዲሱን ዕትም ቶሎ አስገቡልን እያለም ሊኑክስን የሚያከፋፍሉ ሰዎችን ይወተውት ነበር።

ያዳነን አንድ ሰው ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሌላ ሥራ እየሠራ ሳለ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መጨመሩን አስተዋለ። ግማሽ ሴኮንድ! ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ንቆ ባለፈው። እሱ ግን ለምን ብሎ እስከ ሥሩ ተከተለውና ዓርብ ማርች 29 ቀን 2024 ያገኘውን ለዓለም አሳወቀ። መርዘኛው ዕትም ያኔ የገባው በአብዛኛው ለሙከራ በሚለቀቁ የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ ስለነበረ አደጋው ሳይሰፋ ተቀጨ። ጂያ ታን ማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም። ከጀርባው የመንግሥት እጅ አለ ብለው የሚጠረጥሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትሉናላችሁ። ይሄ እንቁላል ከሁለት ዓመት በላይ ተራመደ።

መልካም ሥራ ብቻውን ዋስ አይሆንም

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚወስዱት ትምህርት «ሰው አትመኑ» የሚል ነው። እኔ ግን አልስማማም። ሰው ሳይተማመን ደቦም የለም፣ ዕቁብም የለም፣ ማኅበርም የለም። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ስህተቱ ሰውየውን ማመናቸው አይመስለኝም፤ ካመኑት በኋላ ሥራውን ማየት ማቆማቸው ነው።

ዕቁብ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ገንዘቡን የሚይዘው ሰው የተመረጠ፣ የተከበረ ሰው ነው። ቢሆንም ገንዘቡ በሁሉም ፊት ይቆጠራል። ዳኛው እጁ ላይ ሲቆጠርበት አይቀየምም፤ እንዲያውም ቁጠሩልኝ ይላል። መቁጠሩ እሱን ከሐሜት ያድነዋል። የሶፍትዌር ዓለም ግን አንድ ሰው ጥቂት ዓመት በደንብ ከሠራ ቆጠራውን ይተወዋል። ጂያ ታን የተጠቀመው በዚህ ነው። መቶ ጊዜ እውነተኛ ሥራ ሠራ፤ በመቶ አንደኛው ማንም አልቆጠረበትም።

ስለዚህ ዒድኩን ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ላኪው ጥሩ ሰው ነው ወይ የሚለው ብቻ አይደለም። ምን ቀየረ? ለምን ቀየረ? አነስተኛ ማስተካከያ ነው የተባለው ዒድኩን ከሌላ የማይታወቅ ቁራጭ ጋር ለምን መጣ? አደባባይ ላይ የታየው ጽሑፍና የተላከው ጥቅል አንድ ናቸው? ከላኪው ሌላ ሁለተኛ ሰው አይቶታል? ሥራው በቅርብ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ቀላል እንዳይታይ። በ2018 በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርድ አንድ ቁራጭ ባለቤቱ ስለሰለቸው በበጎ ፈቃድ ለጠየቀው ሰው አስረከበው። ተረካቢው ብዙም ሳይቆይ የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ነገር ከሌላ ቁራጭ ጋር አዳብሎ አስገባ።

ይሄ ሁሉ ማጣራት የሽማግሌ ሥራ ይመስላል፣ አይደል? እናንተ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ። ልጁ መልከ መልካም ነው፣ ሠራተኛ ነው ተብሎ ቆጠራው አይቀርም።

በስም መጠርጠር ሌላ ነው

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአባባም ያን ማታ ያልነገርኳቸው ነገር ነው። ከዚያ ታሪክ በኋላ «ጂያ ታን» የሚለውን ስም አይተው ከሩቅ ምሥራቅ በሚመጣ ስም ሁሉ ላይ ጣት የጠቆሙ ሰዎች ነበሩ። ስሙ ግን የውሸት ስም ሊሆን ይችላል፤ ሌባ የፈለገውን ስም ይለብሳል። በስምና በዘር የሚያጣራ ሰው ሌባውን አይዝም፤ ንጹሑን ግን ይበድላል።

ይህን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እኔ ሳልወለድ፣ በ1996 መጀመሪያ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ወጣ። እናንተ ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ቆማችሁ ጮኻችሁ። እኔ ያን ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የተለገሰ ደም መመርመሩ ትክክል ነው፤ የማንም ደም፣ አንድ በአንድ፣ ይመርመር። ሳይመረምሩ በመጣበት አገር ምክንያት መጣል ግን ጥንቃቄ ሊባል አይችልም፤ ንቀት ነው።

ዒድኩንም እንዲሁ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ሥራ፣ የወዳጅም የባዳም፣ አንድ በአንድ ይታይ። «የማን ልጅ ነው?» ስንል ማን ዋስ ቆመለት፣ ሥራውን ማን አየው ማለታችን ይሁን።

«እንግዲያው አንነካም» ማለትም አያዋጣም

አባባ ይህን ሁሉ ሲሰሙ «ታዲያ የድሮውን ይዛችሁ ለምን አትቀመጡም?» አሉ። ብዙ አዛውንት ስልኩ ላይ የሚመጣውን ዒድኩን በዚሁ ምክንያት እንደማይነኩት አውቃለሁ። ግን የድሮውም ቢሆን ሌባ የሚያውቀው ቀዳዳ አለው።

በ2017 አሜሪካ ውስጥ ኢኩዊፋክስ የተባለው ትልቅ የብድር መረጃ ድርጅት የሚጠቀምበት አንድ ክፍት ኮድ ቀዳዳ ተገኘበት። ጠጋኙ ዒድኩን በማርች ወጣ። ድርጅቱ ግን በሚገባው ቦታ ሁሉ አልጫነውም። ከግንቦት ጀምሮ ሌቦች በዚያው ቀዳዳ ገብተው 147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የሚመለከት መረጃ ወሰዱ። መድኃኒቱ ከቤት ተቀምጦ በሽተኛው እንደ መሞት ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሁለቱን ይለያሉ። የታወቀ ቀዳዳ የሚደፍነውን ዒድኩን ቶሎ አይተው ይጭናሉ። አዲስ ነገር አመጣሁ የሚለውን ግን ጥቂት ቀናት ያሳድሩታል፤ መርዝ ካለበት ብዙውን ጊዜ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይጋለጣልና። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። የአክስቴን ልጅ ዓይን ያቀላው ይሄ ነው።

«ቶሎ በል!» የሚል ድምፅ

የእናንተን ስልክ የሚመለከተው ነገር እዚህ ጋ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ብዙ ቁርጥራጮችን በነፃ የሚንከባከብ አንድ ሰው መልእክት ደረሰው። መልእክቱ ቁርጥራጮቹ የሚታደሉበት መድረክ የላከው ይመስላል፤ የመግቢያህን ጥበቃ አድስ፣ እስከዚህ ቀን ካላደስክ መግቢያህ ይዘጋል ይላል። ሰውየው አመነ። ሌቦቹ በእሱ ስም ገብተው 18 ቁርጥራጮችን መረዙ። እነዚህ ቁርጥራጮች አንድ ላይ በሳምንት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ ናቸው። ደግነቱ በሰዓታት ውስጥ ተደረሰበት።

አያችሁ? በእናንተ ስልክ ላይ «እሽግ መጥቶልሃል፣ ዛሬውኑ ክፈል»፣ «የባንክ ሂሳብህ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ተጫን» እያለ የሚመጣው መልእክትና ያ መልእክት ወንድማማቾች ናቸው። ዘዴው አንድ ነው፤ ማስቸኮል። የፊንላንዱንም ሰውዬ ያስጨነቁት በማስቸኮል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባላችሁ ዛሬ የተባለ ይመስላል።

ግን የዚያን ሰው አንድ ነገር ወድጄለታለሁ። እሱ ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፣ አዋቂ ነው፤ ቢሆንም ተታለልኩ ብሎ ወዲያው በአደባባይ ተናገረ። አልደበቀም። ስለተናገረም ሌሎች ቶሎ ዳኑ። በእኛ ዘንድ ግን ገንዘብ የተወሰደባቸው አባቶች በሐፍረት ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ይቀራሉ። እባካችሁ አትደብቁ። እሱን ያታለለ እናንተን ቢያታልል ምን ያስደንቃል? ቶሎ የተነገረ ነገር ቶሎ ይስተካከላል።

ለስልካችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። የስልኩ የራሱ ዒድኩን፣ ከስልኩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ የሚመጣው፣ ይጫን፤ እስከ እናንተ ሲደርስ ብዙ ሰው አይቶታል፣ ቀዳዳም ይደፍናል። በመልእክት በሚላክ አድራሻ የሚመጣ «ዒድኩን» ግን ማንም ይላከው ማን አይነካ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እስኪመጣ ይደር።

ማን ይክፈል? ማን ይይ?

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የፊንላንዱ ሰውዬ ሥራ በስንት ባለጸጋ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ሲደክመው ግን አጠገቡ ማንም አልነበረም። ላግዝህ ብሎ የመጣው ሌባው ብቻ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። በደቦ የተጠራ ሰው ቢያንስ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ቢታመምም ይጠየቃል። በዚህኛው ደቦ ግን ሁሉም ከማሳው ይወስዳል፣ ገበሬውን የሚጠይቅ የለም።

የጀርመን መንግሥት ከ2022 ጀምሮ እንዲህ ያለውን የክፍት ኮድ ሥራ ከመንግሥት ገንዘብ የሚደግፍ ተቋም አቁሟል። እኛም የሃይቴክ አገር ነን እያልን ስንኮራ ይህን ብንጠይቅ ነውር የለውም። የሕዝብ መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሦስት ነገር ሊመልስ ይገባል እላለሁ፤ በየትኞቹ ቁርጥራጮች ላይ ቆመሃል? ሲቀየሩ የሚያነበው ማነው? ለሚንከባከቧቸው ሰዎች ምን ትሰጣለህ? ሦስቱን መመለስ ያቃተው የእማማን የሕክምና መዝገብ ይዞ በእምነት እንቅልፍ መተኛት የለበትም።

ለድርጅቶችም አንድ ቃል አለኝ። የአክስቴ ልጅ ሦስት ቀን ዒድኩን ሲያነብ አለቃው «እስካሁን ምን ሠራህ?» ብሎታል። አዲስ ነገር የገነባ ይመሰገናል፣ ክፉ ነገር እንዳይገባ በሩ ላይ የቆመ ግን እንደ ሥራ ፈት ይታያል። ድርጅቶች ይህን ካልቀየሩ ማንም አያነብም፤ ሁሉም ሌላው አይቶታል ብሎ ይጭናል። ሌባ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የሚያጣራ መሣሪያ አለን የሚሉኝ አሉ። መሣሪያው ይጠቅማል፤ ግን ጂያ ታን የመሣሪያውን ዓይን አስቀድሞ እንዳዞረው አይተናል። በመጨረሻ ነገሩን የያዘው ግማሽ ሴኮንድ የከነከነችው ሰው ነው።

ለእናንተ ለአባቶቼና ለእናቶቼ ደግሞ የምለው ይሄ ነው። የልጅ ልጆቻችሁ በኮምፒውተር ሲሠሩ «እኛ ምን እናውቃለን» እያላችሁ ዝም አትበሉ። እምነት እንዴት እንደሚሰጥ፣ ዋስ እንዴት እንደሚጠራ፣ የሚያስቸኩል ሰው ለምን እንደሚያስፈራ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሥራውን ባታውቁትም ጥያቄውን ታውቁታላችሁ። ልጁ ደክሞት ሲመጣ ምን ሠራህ ብቻ ሳይሆን ማን አየልህ በሉት።

ያን ማታ የአክስቴ ልጅ ሊሄድ ሲነሳ አባባ «ያ ሰውዬ የላከውን ተቀበልከው ወይስ መለስከው?» ብለው ጠየቁት። «ገና ነው» አለ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ነገ ጓደኛዬ አብሮኝ ያየዋል።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው ዛሬ ተኛ» አሉት።